የጦር ካሚዮን በአርሶ አደር ግቢ፦ ከሞተሩ በፊት ሰነዱ

በመኸር አጨዳ ሰሞን ነበር። ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ የገጠሩን መንገድ ቆርጦታል። የተወቃው ጤፍ አውድማው ላይ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ አይሱዙው ከዋናው መንገድ አልወርድም ብሎ ቆሟል፤ ጋሪም ጭቃውን አልቻለውም። በዕድሜ የገፉ አንድ አርሶ አደር ወደዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዘወር ብለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ “ልጄ፣ ወታደር ጭኖ ሲያልፍ የምናየው ኦራል ይኼን ጭቃ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ያረጀውን መንግሥት በጨረታ ያወጣዋል ይባላል። እኛ ሰባት ሆነን ብናዋጣ ገዝተን በስማችን ማዞር እንችላለን ወይ?”

ጥያቄው ሁለት ነገር አለው። አንደኛው መግዛትና ማስመዝገብ ይቻላል ወይ የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ቢቻልስ ያዋጣል ወይ የሚል ነው። ለሁለቱም መልስ ለመፈለግ ሠራዊቱ ያሰናበተውን ካሚዮን ገበሬ መግዛት የቆየ ልማድ ወደሆነበት ሀገር፣ ወደ አሜሪካ፣ ማየት ይጠቅማል።

እዚያ ነገሩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ለሠራዊቱ የተሠራው ካሚዮን ተትረፈረፈ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የትርፍ ንብረት ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች በግዥው ቅድሚያ ሰጠ። ከእነዚያም መካከል ወደ አባታቸው እርሻ የተመለሱት ካሚዮኑን ይዘው ተመለሱ። ዛሬም የአሜሪካ መከላከያ ያረጀ ተሽከርካሪውን በጨረታ ይሸጣል፤ በገጠር የሚገኙ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ብርጌዶች ደግሞ በሀገሪቱ የደን አገልግሎት በኩል በውሰት መልክ እየተቀበሉ የውኃ ቦቴ ያደርጉታል።

ከሁሉ የሚወደደው ኤም 35 የሚባለው ነው። አሜሪካውያን “ሁለት ተኩል” ብለው ይጠሩታል፤ ከመንገድ ውጭ የሚጭነው ሁለት ቶን ተኩል ነው ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለዐሥርት ዓመታት የተመረተ፣ በስድስቱም እግሩ የሚገፋ ካሚዮን ነው። በንጉሡ ዘመን ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ አባቶች ዓይነቱን ሳያውቁት አይቀሩም። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ሠራዊታችን በአብዛኛው የሚታጠቀው ከዚያው ነበርና። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት በአሜሪካ እግር ስትተካ ኡራል የተባለው መኪና መጣ። ሕዝቡም ስሙን “ኦራል” አደረገው፤ ዛሬ በእኛ ዘንድ የወታደር ካሚዮን ሁሉ ኦራል ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ኤም 35 ባዶውን ወደ 5 ሺህ 900 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በጥሩ መንገድ ላይ 4 ሺህ 500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲጭን ይፈቀድለታል። ከመንገድ ሲወጣ ግን የተፈቀደለት ጭነት በግማሽ ይወርዳል፤ 2 ሺህ 268 ኪሎ ግራም ነው። በእኛ መስፈሪያ 22 ኩንታል መሆኑ ነው። ስድስት ቶን የሚጠጋ ብረት እያንቀሳቀሱ 22 ኩንታል ጤፍ ማውጣት! አይሱዙው በደህና መንገድ ከዚህ እጅግ የበለጠ እንደሚጭን አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ሠራዊት ለኪሎው አይጨነቅም፤ ጥይቱና ስንቁ በማንኛውም ሁኔታ መድረሱ ነው ዋናው። ገበሬ ግን በኩንታል ስንት ወጣበት ብሎ ይጠይቃል።

ነዳጁም እንዲሁ ነው። ኤም 35 በጥሩ መንገድ በአንድ ሊትር ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በጭቃ ውስጥ ከዚህም ያንሳል። የቀድሞው ቤንዚን ጠጪ ኡራል 375 ደግሞ ለ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ይፈልግ ነበር። በናፍጣ የሚሠራው ኡራል 4320 ከእሱ ይሻላል፤ ቢሆንም ቆጣቢ የሚባል አይደለም። ነዳጅ በወረፋ በሚቀዳበት አካባቢ ይህን ሳያሰሉ ጨረታ መግባት አይገባም።

የአሜሪካ ገበሬ ኤም 35ን ለምን እንደሚመርጥ ሲጠየቅ መልሱ ግን ሞተሩ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ነው። በዚያ ሀገር ከጭነቱ ጋር 26 ሺህ 1 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 11 ሺህ 800 ኪሎ ግራም፣ እና ከዚያ በላይ ለሚመዝን የንግድ ተሽከርካሪ “ሲዲኤል” የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ በከባድ መኪና ሥራ የተሰማሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህን ፈቃድ ለማግኘት ምን ያህል እንደለፉ ሲናገሩ ይሰማል። ኤም 35 ሙሉ ጭነቱን ይዞ 10 ሺህ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን ከመስመሩ በታች ያልፋል። ታላቅ ወንድሙ የሆነው ባለ 5 ቶኑ ኤም 923 ባዶውን ወደ 10 ቶን ይጠጋል፤ ሲጭን መስመሩን ይሻገራል። ሆኖም ሕጉ ለገበሬ በር ትቶለታል። የራሱን ምርት ወይም ግብዓት የሚያመላልስ፣ ለሌላ ሰው በክፍያ የማይጭን ገበሬ፣ ከእርሻው በ150 ማይል ወይም 240 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ንግድ ፈቃዱ እንዲነዳ ክፍለ ግዛቶች ሊፈቅዱለት ይችላሉ። የጎረቤቱን እህል በኪራይ የጫነ ዕለት ግን ከለላው ይቀራል።

ትልቁ ጣጣ ምዝገባው ነው። በአሜሪካ ማንኛውም መኪና ለመንገድ ሲወጣ የፌዴራሉን የደኅንነት ደረጃ ማሟላት አለበት። ለሠራዊቱ በልዩ ውል የተሠራ ተሽከርካሪ ግን ከዚህ ነጻ ነው፤ ወታደሩ የራሱ መስፈርት አለውና። እዚህ ላይ ነው ገዥው የሚጠመደው። መኪናው የሠራዊቱ በነበረበት ጊዜ የጠቀመው ነጻነት፣ ወደ ግል እጅ ሲገባ የሚጎድል ሰነድ ይሆናል። ኤስ.ኤፍ. 97 የተባለ የመንግሥት ቅጽ አለ፤ ገዥው ይህን ይዞ ነው ወደ ክፍለ ግዛቱ የምዝገባ ቢሮ የሚሄደው። ቅጹ ላይ “ከመንገድ ውጭ ብቻ” የሚል ቃል ከሰፈረበት፣ መኪናው ከእርሻው አጥር እንዳይወጣ ተፈረደበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሃምቪ የተባሉት የጦር መኪኖች ለሕዝብ ጨረታ ሲቀርቡ የተሸጡት በዚሁ ቅድመ ሁኔታ ነበር። አንዱ ክፍለ ግዛት የሚመዘግበውን ሌላው ይመልሰዋል።

ቀላል የሚመስል ሌላ መንገድም አለ። ቴክሳስን የመሰሉ ክፍለ ግዛቶች ቢያንስ 25 ዓመት የሞላውን የቀድሞ ወታደራዊ ተሽከርካሪ በልዩ ዘርፍ ይመዘግባሉ። ይህ ግን ለትርዒት፣ ለሰልፍና ለመሳሰለው እንጂ ለሥራ አይደለም። የመድን ድርጅቶችም እንዲህ ላለው ቅርስ መኪና በርካሽ የሚሸጡት ውል ጭነት ማመላለስን አይሸፍንም። በዚህ ሰሌዳ ድርቆሽ ጭኖ አደጋ ያደረሰ ገበሬ ካሳውን ከገዛ ኪሱ ሊከፍል ነው።

የካሚዮኑ ስፋት ያስቸግራል ብለው የሚሰጉም አሉ። በመሠረቱ ኤም 35 ከ2 ሜትር ከ45 አይበልጥም፤ የአሜሪካ ሕግ እስከ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ይፈቅዳል። ቁመናው የሚያስፈራ ቢሆንም ሕግ የሚያስጥሰው ስፋቱ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ በተለይም ትንንሽ የገጠር ድልድዮች ላይ።

ስለ ፍሬኑ ሳይነሣ ማለፍ አይቻልም። የኤም 35 ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር ብቻ የሚሠራ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች ስድስቱም እግር ፍሬን አልባ ይሆናል። ዛሬ የሚሠሩ መኪኖች ሁለት መስመር ያላቸው እንዲህ ያለውን አደጋ ለማስቀረት ነው። ባለ 5 ቶኑ ደግሞ በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ እግሩ እየተቆለፈ ስለሚገለበጥ፣ የአሜሪካ ጦር ራሱ የፍሬን ማስተካከያ እስኪገጠምለት ድረስ በዝግታ እንዲነዳ አዝዞ ነበር። በተጨማሪም ኤም 35 የማስነሻ ቁልፍ የሚባል የለውም፤ በማዞሪያ ብቻ ይነሣል። በጦር ሜዳ ቁልፍ መፈለግ ስለማይቻል ነው። የገዙት ገበሬዎች መሪውን በሰንሰለት ጠፍረው ያድራሉ። ኤሌክትሪኩ ባለ 24 ቮልት ስለሆነ በሠፈሩ ያለው ባለ 12 ቮልት አምፖልና ባትሪ እንዳለ አይገጥምለትም።

ለግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአፈሩ ጉዳይ ይመስለናል። በሀገራችን ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት መሬት መረሬ፣ አንዳንዱም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር እርጥብ ሳለ ከባድ ነገር ሲያልፍበት ይታመቃል፤ ውኃና ሥር የሚያልፉበት ቀዳዳ ይደፈናል። የጎማው ንፋስ የሚወስነው የላይኛውን አፈር መታመቅ ነው። የታችኛው፣ ማረሻ የማይደርስበት ክፍል የሚጎዳው ግን በአንድ አክሲል ላይ ባረፈው ጠቅላላ ክብደት ነው። ኡራልና አዳዲሶቹ የአሜሪካ የጦር ካሚዮኖች ሾፌሩ ከጋቢና ሆኖ የጎማ ንፋስ የሚቀንስበት መሣሪያ አላቸው፤ ጭቃ የማይዛቸውም በዚህ ነው። ሆኖም መሣሪያው መኪናውን ከመስመጥ እንጂ የታችኛውን አፈር ከመታመቅ አያድንም። መኪናው ማለፍ ቻለ ማለት ማሳው አልተጎዳም ማለት አይደለም። እዚያ በጥንቃቄ የሚያርሱ ገበሬዎች ካሚዮኑን ከማሳው ዳር አቁመው እህሉን በቀላል ጋሪ ወደ እሱ ያመጣሉ።

ወደ አርሶ አደሩ ጥያቄ ስንመለስ፣ በሀገራችን ተሽከርካሪ የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን፣ የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል። ሊብሬ፣ ሰሌዳ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ የሌለው መኪና፣ ኦራልም ይሁን ባጃጅ፣ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የመንግሥት መኪና በጨረታ ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ የሚሰፍሩ ጥቂት ቃላት አሉ፤ የሚያስከፍሉትም እነሱ ናቸው። “ባለበት ሁኔታ” ማለት ሞተሩ ባይነሣ፣ ፍሬኑ ባይዝ ለማንም አቤት አይባልም ማለት ነው። “ቀረጥ ያልተከፈለበት” የሚለው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ያለ ቀረጥ የገባ ንብረት ይህ መብት ወደሌለው ሰው ሲዞር ቀረጡ ይፈለጋልና። የስም ማዛወሪያውም ወጪ ብዙ ጊዜ በገዥው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሲፒኦ ከማሠራት በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ጽፎ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ወስዶ “ይህን ብገዛ ትመዘግቡልኛላችሁ ወይ? በየትኛው ዘርፍ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

የወረዳ ኃላፊዎችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። ማኅበራት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ “ይመለከተው ዘንድ” ብሎ ጽፎ መስጠት ቀላል ነው፤ ሰዎቹ ደብዳቤውን ፈቃድ አድርገው ይቆጥሩትና ገንዘባቸውን ያፈሳሉ። በተለይም ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ሌላ አደጋ አለ። ጨረታ ሳይወጣ “በውስጥ ተሸጠ” እየተባለ በደላላ የሚቀርብ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ የወታደር መኪና የመንግሥት ንብረት እንጂ የወደቀ ዕቃ አይደለም። የገዛው ሰው መኪናውንም ገንዘቡንም ሊያጣ፣ ከዚያም አልፎ ሊከሰስ ይችላል። ይህን በቀበሌ ስብሰባ ላይ አስቀድሞ መናገር ከወረዳው አቅም በላይ አይደለም።

አርሶ አደሩ ሂሳቡን በትዕግሥት ሰሙ። 22 ኩንታል የሚለው ላይ ሲደርሱ “በጭቃ ያን ብቻ?” ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ቀጥለውም መዋጮው ስንት እንደደረሰ ነገሩን፤ ሰባቱ ሰዎች ያሰባሰቡት ለካሚዮን ባይበቃም፣ ወንዟ ላይ የተሰበረውን መሻገሪያ በድንጋይና በሲሚንቶ ለመሥራት ግን ይበቃ እንደሆነ የወረዳውን የመንገድ ባለሙያ መጠየቅ እንደሚፈልጉ ነው። “አይሱዙው የቆመው እሷ ጋ አይደል?” አሉ። ባለሙያው በማግሥቱ ሜትር ይዞ ወረደ።