ቱርክ አገር ራስ ቀና ማድረግ «አዎ» አይደለም

ውድ ወላጆቻችን፣ ወደ ቱርክ ለመሄድ የምትነሱ አረጋውያን ክሊኒክ ስትመጡ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁን ስለ መድኃኒት ነው። እኛ ነርሶች ግን አስቀድመን ስለ አንድ ልማድ እንነግራችኋለን።

በእኛ ባህል «አዎ» ስንል ቅንድባችንን ከፍ፣ ራሳችንን ቀና አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን። ቱርኮች ራሳቸውን ቀና፣ ቅንድባቸውን ከፍ ካደረጉ ግን «የለም» ማለታቸው ነው። አለርጂ በቱርክኛም «አለርዢ» ስለሚባል፣ መድኃኒት ቤት «ፔኒሲሊን፣ አለርዢ?» ተብለን ብንጠየቅ ጥያቄው ይገባናል። አለርጂው እያለብን እንደ ልማዳችን ቀና ብንል ግን የለብንም ተብሎ መድኃኒቱ ይሰጠናል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ በቃል እንመልስ፤ አዎ «ኤቬት»፣ አይደለም «ሃይር»፣ አለ «ቫር»፣ የለም «ዮክ» ነው።

የቱርክ ቡና ከነስኳሩ ስለሚፈላ፣ የስኳር ሕመም ያለብን ሳይፈላ «ሳዴ» እንበል፤ ያለ ስኳር ማለት ነው። አይራን የሚባለው የእርጎ መጠጥ ጨው ስላለው የደም ግፊት ያለብን ባናበዛው ይሻላል። ሰው ቤት ስንጋበዝ እንደ እኛው ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

መድኃኒት ቤት «ኤጅዛኔ» ይባላል። ሌሊት ተረኛው የትኛው እንደሆነ በተዘጉት መድኃኒት ቤቶች በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ለድንገተኛ ሕመም 112 ይደወላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒትና የማይስማማችሁን ሁሉ በላቲን ፊደል አስጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። መድኃኒቱንም ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ከትልቁ ሻንጣ ጋር አትላኩት።

መልካም ጉዞ።