ነጭ ዓሣ፣ መረብና የሒሳብ ቀመር

ክረምት ሲገባ የመገጭ ወንዝ ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ የደንቢያን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ጣና ይወርዳል። በዚሁ ጊዜ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወደ ወንዞች ይወጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው የጠራ ውኃ ባላቸው ጠጠራማ ገባሮች ነው። አፋፉ ላይ ግን መረብ ይጠብቀዋል፤ ከፍ ሲልም የብርብራ መርዝ።

በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት በጣና 15 ዝርያዎችን ይለያል። ከእነዚህ 8ቱ ጣት የሚያክሉ ትናንሽ ዓሦችን አሳደው ይበላሉ። መንጋጋው ጥርስ ለሌለው ወገን ይህ እንግዳ ነገር ነው።

በአዳኝና በታዳኝ መካከል ያለውን ሚዛን በቀመር ካስቀመጡት አንዱ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ ነው። ጥያቄውን ያመጣለት የልጁ ባል የሆነው የእንስሳት ተመራማሪ ኡምቤርቶ ዳንኮና ነበር። በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ፊዩሜ ገበያ ከሚቀርበው ዓሣ እንደ ሻርክ ያሉት አዳኞች ድርሻ በ1914 እ.ኤ.አ. 11.9 በመቶ ነበር፤ በ1918 ወደ 36.4 በመቶ አሻቀበ። የዓለም ጦርነቱ ዓሣ አስጋሪውን ከባሕር አስወጥቶት ስለነበር ነው። ሰላም ሲሆን፣ በ1923፣ ወደ 10.7 በመቶ ተመለሰ።

ቮልቴራ በ1926 ያወጣቸው ቀመሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ታዳኙ ተራብቶ የሚጨምረውን፣ ተበልቶ የሚቀንሰውን ያሰላል። ሁለተኛው አዳኙ በልቶ የሚተካውን፣ ሞቶ የሚጎድለውን። ጎተራው አይጥ የበዛበት ገበሬ ነገሩን ያለ ቀመር ያውቀዋል፤ አይጥ ሲበዛ ድመት ትበረክታለች፤ አይጥ ሲያልቅ ድመቷም ትከሳለች። ቀመሩ የሚጨምረው ይህን ነው፦ ሁለቱም በመጠኑ ሲጠመዱ በአማካይ ታዳኙ ይበዛል፣ አዳኙ ይቀንሳል።

የጣናው ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር በ1986 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ የናሙና ማስገር ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆልቁሎ ተገኘ። ትናንሾቹ ታዳኞች በመረቡ ቀዳዳ ሾልከው ያልፋሉ፤ የሚያዘው አዳኙ ነው፣ ያውም እንቁላል እንደያዘ። ከሁለተኛው ቀመር ‹‹የሚተካውን›› ቀንሱና ምን እንደሚቀር ተመልከቱ፤ ሞቱ ብቻ።

ተመራማሪዎች ያቀረቡት መፍትሔ ዓመቱን ሙሉ ማስገርን መከልከል አይደለም። ነጭ ዓሣ በብዛት ወደ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴና በመስከረም የወንዞቹ አፋፍ ከመረብ ነፃ ይሁን ነው የሚሉት። አስጋሪው እስከዚያ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቀረሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ስለሆነ ለመራባት ወንዝ አይወጣም፤ ለእነዚያ ሁለት ወራት መረቡን ከመገጭና ከድርማ አፋፍ አርቆ እሱን ማጥመድ ይቻላል።