ቁልፉ ተነቅሎ የማይጠፋ ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተህ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግርም ሆነ በመኪና ወጥተህ ከሆነ፣ ዳገቱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ልነግርህ አያሻም። ግራና ቀኝ ያለው ባሕር ዛፍ ጥላውን ይሰጥሃል እንጂ ትንፋሽ አያበድርህም። እግረኛው ሲያለከልክ መኪናውም ያለከልካል፤ በተለይ አሮጌ የናፍጣ መኪና የሆነ እንደ ሆነ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ነው የሚወጣው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ካለው አየር ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ቢያህል ነው። የድሮው ሞተር ይህን አያውቅም። ናፍጣውን በቆላ እንደ ለመደው ይረጫል፤ የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ትርፉ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

የጭሱን ነገር እዚህ ላይ እንተወው። ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለ ማጥፋት ነው።

እስቲ አስበው፤ አንድ የጭነት መኪና ጡብና ሲሚንቶ ጭኖ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቆመ እንበል። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ ነቀለ፤ ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ግን መንደቅደቁን አልተወም። የሚያይ ሰው ይስቃል፤ ሾፌሩ ግን አይስቅም። ከፍተኛውን ማርሽ ያስገባል፣ ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቅቃል፤ መኪናው እንደ ተወጋ በሬ ተንዘፍዝፎ ዝም ይላል። ይህ ዘዴ በየጋራዡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑን ይበላል፣ ማርሹን ያናጋል፣ ሞተሩ የተቀመጠበትንም ጎማ ይቀድደዋል። ከዚህም የከፋው፣ ፍሬኑ በደንብ ካልያዘ መኪናው ወደ ፊት ይዘልላል። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ወደ ፊት የሚዘልል መኪና ከፊቱ ማንን እንደሚያገኝ አንተው ታውቃለህ፤ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ፣ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ ወይም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ሊያይ የወጣ ተማሪ ነው።

ለመሆኑ ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ ስለ ምን አይጠፋም?

የቤንዚን ሞተር የሚነድደው ካንዴላው በሚሰጠው የእሳት ብልጭታ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ብልጭታው ይቋረጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ያሰበው ሌላ መንገድ ነው፤ ሞተሩም የአድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ በየካቲት 1889 ዓ.ም.፣ አውግስቡርግ በምትባል ከተማ በይፋ ተፈትኖ ሠርቷል። ብልሃቱ አየርን በሲሊንደር ውስጥ አለመጠን ማመቅ ነው። ዛሬ በምናውቃቸው የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ አየሩ ከ16 እጅ ወደ 1 እጅ፣ ከዚያም በላይ ሲታመቅ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስትነፋ የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ልብ ብለህ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው። በዚያ ግለት ላይ ናፍጣ በቀጭኑ ሲረጭ ያለ ክብሪት ይነድዳል። እንግዲህ የድሮው ዓይነት ሞተር ናፍጣ እስከ መጣለት ድረስ፣ ባትሪውን ነቅለህ ብትወስድበት እንኳ ግድ የለውም። የወትሮው ማጥፊያ ናፍጣውን መከልከል ነው።

የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ይህን ሥራ ለእጅ ትተውት ነበር። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በብዛት መሥራት የጀመረውን ዓይነት የናፍጣ ፖምፓ ብታይ፣ ናፍጣውን ጨርሶ የሚያቋርጥ አነስተኛ ዘንግ ታገኝበታለህ። እንደ ፊያት «ኤንትሬ» ያሉ መኪናዎች አገሩን በሞሉበት ዘመን፣ ከመሪው ሥር ተስቦ ሞተር የሚያጠፋ እጀታ ለሾፌር እንግዳ አልነበረም። ኋላ ግን ቁልፍ ማዞር ይበቃል ተባለና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ መጣ፤ መካኒኮች ሶሌኖይድ የሚሉት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ትንሽ ብረት ስቦ ለናፍጣው መንገድ ይሰጣል፤ ቁልፉ ሲዘጋ ሞላው ብረቷን መልሶ መንገዱን ይደፍናል።

ሶሌኖይዱ የተቃጠለ ዕለት ግን ሞተሩ አይነሣም። ይህ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ቢደርስብህስ? መካኒኩ ሶሌኖይዱን ይፈታል፣ ብረቷንና ሞላዋን ያወጣል፣ ባዶውን ቤት መልሶ ያጠብቀዋል። መኪናው ይነሣል፤ ጭነቱም ይደርሳል። እኔ ይህን ብልሃት አልነቅፈውም፤ በረሃ ከማደር ይሻላል። የምነቅፈው ከተማ ከተገባ በኋላ ነገሩ እንዲሁ መቅረቱን ነው። ዕቃው ውድ ነው ይባላል፣ ወይም የለም ይባላል፤ ሾፌሩም በማርሽ አፍኖ ማጥፋትን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ያ መኪና በቁልፍ የሚጠፋ አይደለም።

በእጅ የሚሠራው ማጥፊያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሶሌኖይድ ካላቸው ፖምፓዎች ውስጥ አንዳንዶቹ የማጥፊያውን ዘንግ እንደ ያዙ ናቸው፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዘንጉ ከሌለ ሶሌኖይዱን መለወጥ ነው እንጂ ሌላ መላ አይፈለግም። ካለ ግን የሞተር ብስክሌት የፍሪሲዮን ሽቦ ከነሽፋኑ፣ ከላሜራ የተቆረጠ ማሰሪያ፣ አንድ ሞላና አንድ እጀታ ይበቃሉ። የብስክሌት ፍሬን ሽቦም ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ለትልቅ መኪና ቀጭን ነው ባይ ነኝ። ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ ጠብቆ ካልታሰረ፣ እጀታው ሲሳብ የሚንቀሳቀሰው ሽፋኑ እንጂ ዘንጉ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳም ጎማ ይደረግለት። ሞላው ዘንጉን ወደ መሥሪያው በኩል የሚመልስ መሆን አለበት፤ አለዚያ የመንገዱ መንገጫገጭ ብቻውን ሞተሩን በዳገት መካከል ያጠፋዋል። አንዱ እጀታውን ሲስብ ሌላው ሞተሩ ዘንድ ቆሞ ዘንጉ እስከ መጨረሻው መሄዱን ይመልከት። እጀታው ቀይ ቀለም ተቀብቶ የሾፌሩ እጅ በሚደርስበት፣ ጉልበቱ ግን በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሁሉ ምን አደከመኝ ይልና ከነዳጅ ጋኑ በሚመጣው ቱቦ ላይ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ ይተክላል። ሞተሩ በማጣሪያውና በፖምፓው ውስጥ የቀረውን ናፍጣ እስኪጨርስ ድረስ ይሠራል፤ ማለት በሚፈለግበት ሰዓት አይጠፋም። ከጠፋም በኋላ በመሥመሩ አየር ይገባና በማግስቱ አየሩ ሳይወጣ አልነሣም ይላል። ብዙው ፖምፓ የሚለሰልሰው በዚያው በናፍጣው ስለ ሆነ በደረቁ መዞሩም ይጎዳዋል።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ግን መልካሙን እጀታ በክፉ ጊዜ መሳብ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ ሞተሩን የሚያጠፋ ሾፌር አለ። ሞተሩ ሲቆም ለፍሬኑ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይቆማል፤ በጋኑ የቀረው አየር ፍሬን በተረገጠ ቁጥር እየጎደለ ይሄዳል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁጠባውም ቢሆን ከንቱ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚወርድ የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል ወይም ይዘጋል፤ መኪናውንም ይዞ ያወርደዋል።

ደግሞም እጀታው የማይመልሰው አንድ ክፉ ነገር አለ። የቱርቦው መዝጊያ አርጅቶ፣ ወይም የሞተር ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቶ፣ ዘይቱ በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ የገባ እንደ ሆነ ሞተሩ የራሱን ዘይት ማቃጠል ይጀምራል። ያን ጊዜ ማንም ሳይረግጠው እየጮኸ ይፈጥናል፤ ናፍጣ ብትከለክለው አይሰማህም። መከልከል ያለበት አየሩ ነው፤ የአየር መግቢያው በወፍራም ጣውላ ይደፈናል። በእጅ ወይም በጨርቅ መድፈን ግን ከቶ አይሞከርም፤ ሞተሩ ይስበዋልና። መድፈን ካልተቻለ ሰውን አርቆ ራስንም ማራቅ ነው፤ ብረቱ ሊበታተን ይችላል።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙት የዛሬ ሞተሮች ነገር ለብቻው ነው። የናፍጣቸው ግፊት ከ1 ሺሕ አትሞስፌር በላይ ስለሚደርስ፣ በቀጭን ቀዳዳ ያመለጠ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ሽቦና ላሜራ ይዞ ወደ እነርሱ የሚጠጋ አይኑር።

አንተ ምናልባት በመሥሪያ ቤትህ የመኪና ጥገና ወረቀት የሚያልፍብህ ጸሐፊ ትሆናለህ። «ሞተር አያጠፋም» የሚል ማመልከቻ ሲደርስህ ቀላል ነገር ነው ብለህ ከመዝገብ በታች አትክተተው። ሾፌሩን ጥራና የሶሌኖይዱ ብረት ወጥታ እንደ ሆነ፣ እስከ ዛሬስ በምን ሲያጠፋ እንደ ቆየ ጠይቀው። በማርሽ ከሆነ አዲሱ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ እጀታው በዚያው ቀን ይግባለት። ሶሌኖይዱ ከተለወጠ በኋላም እጀታው አይነቀል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ መኪናው በሜዳ ቆሞ የእጅ ፍሬኑም ተይዞ ሳለ፣ በቁልፉ ፈንታ በእርሱ ያጥፉት። የማይሳብ ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል።