ጀበናውን ወደን ሠሪዋን ስንንቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ጀበና ልገዛ ወጥቼ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ምንቸት፣ ድስትና ጀበና ጭድ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱን ጀበና አንሥቼ በጣቴ ቆርቆር አደረግሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ግን ግማሹን ጠራሁ።

«ልጄ፣ አፈሩን ቆፍሬ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት፤ እስኪ እጄን እዪው» አሉኝ።

እጃቸው ተሰነጣጥቋል። እኔ ግን ተከራክሬ ባልኩት ዋጋ ገዛሁና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የመጋቢ ሚስት ነኝ። ኤርምያስ ምዕራፍ 18ን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬአለሁ፤ ስለ ሸክላ ሠሪው ቤት ለእህቶች ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሸክላ ሠሪ ግን አላየኋቸውም።

ከአፈር እስከ ረከቦት

በአገራችን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ርሶ ይታሻል። ብዙዎቹ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ፈጭተው ይጨምሩበታል። ጭቃው ሲደርቅና እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ የሚረዳው ይኸው ገል ነው። ከዚያም ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ፣ ሆዱ ይወጣል፣ አንገቱ ይቀጠላል፣ ጆሮው ይለጠፋል። በድንጋይ ከተለሰለሰ በኋላ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ከቸኮለበት ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ እሳት ይተኮሳል። በዚያች ሰዓት የስንት ቀን ድካም ሊፈነዳ ይችላል። የዘጌ ቡና ከጣና ዳር መጥቶ በቤታችን የሚፈላው በዚህ ሁሉ ድካም ላይ ነው።

ጃፓኖችም አረንጓዴ ሻይ የሚያፈሉበት «ክዩሱ» የሚባል፣ እጀታው በጎኑ የሆነ ትንሽ የሸክላ ማንቆርቆሪያ አላቸው። አረንጓዴ ሻይ በጣም በፈላ ውሃ ስለሚመር ውሃውን ቀዝቀዝ አድርገው ያፈሱበታል። ቶኮናሜ የተባለችው ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓን መንግሥት ሦስተኛው ያማዳ ጆዛን የተባሉትን የቶኮናሜ ሸክላ ሠሪ በክዩሱ ሥራቸው አክብሮ፣ ሕዝቡ «ሕያው የአገር ቅርስ» የሚለውን ማዕረግ ሰጣቸው።

በእኛ ዘንድስ?

በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ተብላ ትሸሻለች። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። ከቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ስድቡ ግን በቀሩት ባለ እጆች ላይ ቆየ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

በጌታ ቤት ይህ የለም እንል ይሆናል። በአንዲት አጥቢያ ከጸሎት በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጣች አዲስ አማኝ እህት ሲኒዋን መለሰች። አንዷ ያንን ሲኒ አንሥታ ለብቻው አስቀመጠችው። ማንም አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ። እህታችን ግን አይታለች። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «አንቺ የት ነበርሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ አብረን ቤቷ ሄድን። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጎረቤት ሲሸሸን ለምጄዋለሁ፤ እናንተ ዘንድ ግን አልጠበቅሁም» አለችን። ከዚያ ራሷ በሠራችው ጀበና ቡና አፈላችልን። ሦስተኛውን እስክንጠጣ ተቀመጥን። ወደ ኅብረቱ ለመመለስ ወራት ወሰደባት፤ እኛም አልፈረድንባትም።

ማሟሸት

ያ በርካሽ የገዛሁት ጀበና ገና በመጀመሪያው ቀን እሳት ላይ ተሰንጥቆብኝ ነበር። ምክንያቱን ያስተማረችኝ ይህችው እህት ናት። አላሟሸሁትም ነበር። ምክሯን ላካፍላችሁ፦

- አዲስ ጀበና ውሃና የቡና አተላ ተጨምሮበት በዝግታ እሳት ደጋግሞ ይፍላ።
- በትኩስ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ።
- በሳሙና አትጠቡት፤ ሽታውን ይይዛል።
- ባዶውን እሳት ላይ አትተዉት።
- ሳይደርቅ አፉን አትወትፉት።

እህቴ ሆይ፣ ትዳርም ማሟሸት ይፈልጋል። አዲስ ተጋቢዎችን በአንድ ቀን ኃይለኛ እሳት ላይ አንጣዳቸው። የተሰበረም ቢኖር አይጣል፤ ተፈጭቶ የገባው ገል ነው አዲሱን ጭቃ እሳት የሚያስችለው። እኔም ከዚያ ቀን ዝምታዬ የተማርኩት በሌላ ቀን አፌን እንድከፍት ረድቶኛል።

እኚያን እናት ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሁልጊዜ እፈልጋቸዋለሁ። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ከሌሎቹ ስገዛ ግን የተጠራልኝን ዋጋ እከፍላለሁ።

ለባልና ሚስት መወያያ፦ ዛሬ ማታ ቡና ስትጠጡ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። በቤታችን ሲኒው ለብቻው የሚቀመጥበት ሰው አለ ወይ? ካለስ፣ ነገ ማን ቤት እንሂድ?

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።