አርጩሜ ምን ያስተምራል?

ባለፈው ሰሞን በወላይታ ሶዶ ገበያ ስኳር ድንች ስመርጥ፣ አራት ዓመት ያህል የሚሆነው ሕፃን የእናቱን ነጠላ ይዞ ሸንኮራ እንድትገዛለት ይለምናታል። «የለም!» አለችው። ድምፁን ከፍ አደረገ። «ተው ብያለሁ!» ብላ ቆነጠጠችው። ይህን ጊዜ መሬት ላይ ተንከባሎ ጩኸቱን ሲያቀልጠው ገበያተኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። እናት አፍራ ከመቀነቷ ብር ፈታች፤ ሸንኮራው ተገዛ፤ ጩኸቱም ጸጥ አለ። አልፈርድባትም፤ እኔም በልጄ ያደረግሁት ነው።

ይሁንና ያን ዕለት ማን ምን ተማረ? ልጁ በመለመን ያጣውን በመንከባለል እንደሚያገኝ ተማረ። እናቲቱም ሸንኮራ ስትሰጥ ጩኸት እንደሚቆምላት ተማረች። ሁለቱም የድርጊታቸውን ዋጋ ስላገኙ በሚቀጥለው ገበያ ይኸው ይደገማል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናቱ የተራቡ ድመቶችን በሳጥን ዘግቶ ምግቡን ከውጭ አስቀመጠ። መጀመሪያ ሲቧጥጡ በአጋጣሚ መዝጊያውን ይከፍቱ የነበሩት ድመቶች፣ ሙከራው ሲደጋገም ፈጥኖ መክፈትን ለመዱ። ደስ የሚል ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደገማል አለ ሊቁ። ቅጣትም በዚያው ልክ ድርጊትን ያጠፋል ብሎ ያምን ነበር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን በሰዎችም ላይ ከሞከረ በኋላ ይህን ሐሳቡን ለወጠ። ሽልማት ያስተምራል፤ የቅጣት ኃይል ግን ካሰበው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ልማድ፣ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ይልቅ ለመጥፋት አስቸጋሪ መሆኑን በአይጦችና በርግቦች አሳየ። ዘጠኝ ጊዜ ከልክላ በዐሥረኛው የምትሸነፍ እናት ልጇን ዐሥር ጊዜ መጮህን ታለማምደዋለች ማለት ነው።

የአርጩሜ ነገር ከተነሣ፣ አንዲት የሶዶ እናት ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። የስምንት ዓመት ልጃቸው ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ ነኝ» ብሎ ነገራቸው፤ ተገረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቡና ሲኒ ሲሰብር ስባሪውን ከጓሮው እንሰት ሥር ቀበረው። ስባሪው መዳፉን ቆርጦት ኖሮ ሦስት ቀን ሙሉ እጁን በሹራቡ እጅጌ ሸሸገ። እናቱ ያወቁት እጁ አብጦ ሲያተኩሰው ነው። ጤና ጣቢያ ወስደውት ዳነ። «ሲኒው ስንት ብር ነበርና!» ይላሉ አሁን። ያ የመጀመሪያው ግርፊያ ዕቃ መስበርን አላስቀረም፤ ያስቀረው እውነት መናገርን ነበር፤ ልጁ የተገረፈው በተናገረበት ሰዓት ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የእኛን ጓዳ ግን በስም አላነሣም።

ሽልማትም ቢሆን ጊዜ አለው። የወላይታ ሴቶች ለመስከረሙ የጊፋታ በዓል የቅቤ መግዣ ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹም ለበሬው። አዋቂ ለድካሙ ዋጋ ብዙ ወራት ይጠብቃል። ሕፃን ግን «ለጊፋታ ልብስ እገዛልሃለሁ» ቢሉት፣ ልብሱ ዛሬ ዕቃ ስላጠበ የተሰጠው መሆኑን አያገናኘውም። ምስጋናው ውሃው ከእጁ ሳይደርቅ ይድረሰው። ገንዘብም አይጠይቅም፤ «ጎበዝ፣ ሲኒዎቹን አጠብህልኝ» ማለት ይበቃል።

እኒያ እናት ዛሬ ዕቃ ሲሰበር አስቀድመው «ስለ ነገርከኝ ደግ አደረግህ» ይላሉ፤ ከዚያ መጥረጊያ ያቀብሉትና አብረው ይጠርጋሉ። ባለፈው ወር ጀበና ተሰበረ፤ መጥቶ የነገራቸውም ልጁ ራሱ ነው። ጀበናው ከአማታቸው የወረሱት ስለ ነበር፣ ትንሽ ሳይቆጡ አልቀሩም።