አሮጌ ሻንሲ፣ የሌላ ሞተር

«ላንድ ክሩዘር፣ ሞተሩ የተቀየረ፣ ናፍጣ፣ ምንም የማይፈልግ።» ደላላው ይህን ሲል መኪናውን እያሞገሰ ነው። ገዢው ግን ጥያቄውን መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው። ማን ቀየረው? በምን ቀየረው? ሞተሩን ሲቀይር ሌላ ምን ነካ፣ ምንስ ሳይነካ ተወ?

የማወራው ስለ 40ው ላንድ ክሩዘር ነው፤ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ስላመረተው አጭርና ጠንካራ መኪና። ብራዚል ውስጥ ባንዴራንቴ በሚል ስም እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሲመረት ቆይቷል። ወፍራም ሻንሲ አለው፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ይቆማል፤ በመዶሻና በመፍቻ የማይፈታ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ብረቱ ከሞተሩ ይበልጥ ዕድሜ ስላለው በዓለም ዙሪያ ሞተሩ ከሚቀየርላቸው መኪኖች ተርታ ተሰልፏል። አሜሪካኖች 5.7 ሊትሩን የሼቭሮሌት ቪ8 መግጠም ይወዳሉ። የሚገርመው፣ አውጥተው የሚጥሉት የቶዮታ ስድስት ሲሊንደር ራሱ የዘር ሐረጉ ከድሮዎቹ የሼቭሮሌት ሞተሮች ንድፍ የሚመዘዝ መሆኑ ነው። ናፍጣ ሞተር በሚፈለግበት አገር ደግሞ ምርጫው ብዙ ጊዜ የቶዮታው የራሱ ናፍጣ ሞተር ነው።

ለውጡ ጉልበት ይጨምራል ብሎ የሚገዛ ሰው አለ። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። 2ኤፍ የሚባለው የ40ው ቤንዚን ሞተር 4.2 ሊትር ነው። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው 1ኤችዜድ ናፍጣም 4.2 ሊትር ነው። ቶርክ የሚባለው የመጠምዘዝ ጉልበት በሁለቱም 280 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲያውም ቤንዚኑ ይህን የሚሰጠው ዝቅ ባለ ዙር ላይ ነው። ትርፉ ያለው ነዳጅ ላይ ነው። 2ኤፍ ያስገባውን አየር የሚያምቀው 8 ለ1 በማይሞላ መጠን ሲሆን 1ኤችዜድ ግን ከ22 ለ1 በላይ ያምቀዋል። አየሩ ይበልጥ ታምቆ ሲቃጠል ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ የሚወጣው ሥራ ይጨምራል። ቁልቁለት ላይም ሆነ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ናፍጣው አየር ለመሳብ እንደ ቤንዚኑ አይታገልም፤ የአየር መግቢያውን የሚያፍን በር የለበትምና።

ይህች የበር ነገር ቀላል ትመስላለች። ፍሬኑን የምታበላሸው ግን እሷ ናት።

ቤንዚን ሞተር ላይ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ በሩ ይዘጋል፤ ሲሊንደሮቹ አየር ሲስቡ ከበሩ በስተጀርባ ባዶ ግፊት ይፈጠራል። የፍሬን ማገዣው ክብ ቆርቆሮ የሚሠራው በዚህ ነው፤ በአንድ ጎኑ ባዶ ግፊት፣ በሌላው ጎኑ የውጭ አየር ይኖርና ልዩነቱ እግርዎን ያግዛል። በውስጡ ያለው ጎማ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውና የግፊቱ ልዩነት 60 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ 190 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት አብሮዎት ይረግጣል ማለት ነው። ናፍጣ ሞተር በሩ ከሌለው ባዶ ግፊቱም የለም። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱን የቻለ መሳቢያ ፓምፕ ይጨምርለታል፤ በብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። ሞተሩ ሲቀየር ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ከተገጠመ፣ ወይም የፓምፑ ቱቦ ሳይቀጠል ከቀረ መኪናው ይነሳል፣ ይነዳል፣ ያምራል። ፍሬን ሲይዙ ግን ድንጋይ እንደረገጡ ነው።

መፈተኑ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬኑን ፔዳል አራት አምስቴ ይርገጡት፤ እየደረቀ ይመጣል። እንደረገጡት ይቆዩና ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ በታች ትንሽ ዝቅ ካለ ማገዣው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ወይ ማገዣ የለውም፣ ወይ ባዶ ግፊቱ አይደርሰውም። ከድሮዎቹ 40ዎች ውስጥ ሲሠሩም ማገዣ ያልነበራቸው ስላሉ መጀመሪያ ቆርቆሮው መኖሩን ኮፈኑን ከፍተው ይዩ።

ከፍታም እዚህ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። የፍሬን ማገዣው የሚገፋው በዚሁ አየር ስለሆነ ሁሉ ነገር ጤናማ ሆኖም እገዛው ከጅቡቲው ያንሳል። ሞተሩም እንዲሁ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ በወረቀት 130 ፈረስ ጉልበት ያለው 1ኤችዜድ አዲስ አበባ ሲደርስ 100 ገደማ ይቀረዋል። የናፍጣ መርጫው ፖምፓ ግን ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካውን መጠን መርጨቱን አያቆምም። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ከቴስታታው ያመለጠ ውኃ ነው። ሻጩ «ፖምፓው ለጉልበት ተከፍቷል» ካለዎት ደግሞ ከፒስተኑ ዕድሜ ተቀንሷል ብለው ይረዱት። ቱርቦም አለው ከተባለ ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ፤ 1ኤችዜድ ከፋብሪካ የወጣው ያለ ቱርቦ ነውና።

ቪ8 የተገጠመለት ካጋጠመዎ ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛው ወደ እንቅስቃሴ ሳይሆን ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ከሙቀቱም ከፊሉን የሚያስወግደው ራዲያተሩ ነው። ቪ8 ከመስመር ስድስቱ አጭር በመሆኑ ከራዲያተሩ ርቆ ይቀመጣል፤ በመካከሉ አየሩን ሰብስቦ የሚያመጣ መከለያ ከሌለ ማራገቢያው ያንኑ የሞተር ክፍል አየር መልሶ ያሽከረክራል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላም አይዘንጋ። ውኃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ እንዲሞቅ የሚያስችለው ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ የዚህች ክዳን ጎማ ከተበላ ሞተሩ በደህናው ቀን ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ይፈላል። ሙከራውን ቦሌ ላይ ሳይሆን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ያድርጉት፤ ዓይንዎም ከሙቀት መለኪያው አይነቀል።

ማርሹን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ዲፈረንሻሉ 4.11 ለ1 ከሆነና ጎማው አንዴ ሲዞር 2.4 ሜትር ከሄደ፣ በአራተኛ ማርሽ በ3,000 ዙር የሚደርሱት በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው። ለቤንዚን ሞተር ይህ ምንም አይደለም፤ ከ3,500 ዙር በላይ ለማይወደው አሮጌ ናፍጣ ግን ቀኑን ሙሉ መጮህ ነው። አምስት ማርሽ ያለው ኤች55ኤፍ ካምቢዮ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ቶዮታ ይህን ካምቢዮ ከተለያዩ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮቹ ጋር ስለሸጠው መጋጠሚያውም የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚገኝም ነው። እኔ ብጠየቅ ቶዮታ በቶዮታ የተተካበትን፣ ጉልበቱ ቢያንስም፣ ከባዕድ ሞተር አስቀድማለሁ።

ምክንያቴ መጋጠሚያው ነው። ሞተርና ካምቢዮ ሲገናኙ የሁለቱ መሃል መስመር ልዩነት ከ0.13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከአንዲት የወረቀት ቅጠል ውፍረት ብዙም አይበልጥም። በበያጅ ግምት የተሠራ ሳህን ይህን አይጠብቅም፤ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ቀስ በቀስ ይበላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰምተው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ድምፁ ከጠፋ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ከሥር ገብተው ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ብየዳዎችም በባትሪ ይዩ፤ በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካለ ብረቱ ተሰንጥቋል። በዚያው ከሞተሩ ወደ ታንከሩ የሚመለስ የናፍጣ ቱቦ መኖሩን ይመልከቱ። ባትሪውንም አይርሱ፤ አንዳንድ የቶዮታ ናፍጣዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ሞተሪኖው አንድ ዓይነት፣ መብራቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ የተወሳሰበ ሽቦ አይቀርም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚታይበት ዓይን ተለውጧል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሊብሬውን ይጠይቁ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ሰፍሯል፤ ሞተሩ ሲቀየር ለውጡ ካልተመዘገበ ስም ማዛወርም ሆነ ቦሎ ማውጣት ራስ ምታት ይሆናል። የአዲሱን ሞተር የግዢና የጉምሩክ ሰነድ ከሻጩ እጅ ይዩ። ከዚያ የሞተሩን ጎን በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ጠርገው ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡ፤ ደላላው እንዲያነብልዎ አይተዉት። ቁጥሩ በሞረድ የተነካ ወይም ትናንት የተቀባ ቀለም ያረፈበት ከሆነ፣ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ቀብድ አይክፈሉ።