በማደጎ የሚቀለቡ አራዊት

በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የሚሰማራውን የአጋዘን መንጋ በማደጎ ስም የሚረዳ ሰው፣ የምስክር ወረቀት ይደርሰዋል እንጂ እንስሳው ከመንጋው አይለይም።

በእኛም አገር፣ በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው በእንሰሳ ኮቴ መጠለያ፣ ከሕገ ወጦች እጅ የተወሰዱ አናብስትና አቦሸማኔዎች ቦርን ፍሪ በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ረድኤት ይጠበቃሉ። በግልገልነቱ ከእናቱ የተነጠቀ አቦሸማኔ አደንን ከእርስዋ ሳይማር ስለሚቀር፣ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ አዳጋች ነው፤ ስለዚህም ሲሳዩ እስከ ዕለተ ሞቱ ከሰው እጅ የሚጠበቅ ይሆናል፤ የአንድ ቀን ምጽዋትም አይበቃውም።

በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ለፋሲካ ቅርጫ ማዋጣትን ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም፤ በእኔ አስተያየት፣ ከዚያው መዋጮ ጥቂቱን በየወሩ ቢለዩ፣ ሑዳዴ የማይመለከተው አንድ የመጠለያው አንበሳ እንደ ስኮትላንዱ ማደጎ በስማቸው ሊቀለብ ይችላል።